የኤ አር 15 ጋዝ ብሎክ፦ አመራረጡ፣ አጠባበቁና ሲላላ የሚታወቅበት መንገድ
ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ቴክሳስ ከማውቃቸው ወገኖች መካከል ኤ አር 15 ጠመንጃን ክፍል በክፍል ገዝተው ቤታቸው የሚገጣጥሙ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ሜዳ ስንገናኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ብረት ላይ ያርፋል። ያ ብረት በርሜሉን በሚከበው የእጅ መያዣ ሥር ተደብቆ ስለሚኖር ማንም አያየውም፤ ሲላላ ግን ጠመንጃው በሙሉ ሥራ ያቆማል። እዚህ የጻፍኩት ለእነሱ በቃል ስመልስ የቆየሁትን ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ጠመንጃውን ከመንካታችሁ በፊት ካዝናውን አውጡ፣ ቦልቱን (የጥይት ማጉረሻውን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) ወደ ኋላ ስባችሁ ቆልፉ፣ የጥይት ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ጥይቶቹም እናንተ ከምትሠሩበት ክፍል ውጭ ይቀመጡ።

ጋዝ ብሎክ ምንድን ነው? ሥራውስ?

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም እርሳሱን፣ ማለትም የሚወረወረውን የጥይቱን ጫፍ፣ ወደፊት ይገፋዋል። በርሜሉ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። እርሳሱ እሷን እንዳለፈ ከጋዙ ጥቂቱ በዚያች ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። ጋዝ ብሎክ የሚባለው ቀዳዳዋን ሸፍኖ በርሜሉን የሚያቅፈውና የወጣውን ጋዝ ተቀብሎ ወደ ኋላ በሚሄድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያስገባው ብረት ነው። ቱቦው ጋዙን ቦልቱን ይዞ ወደ ኋላና ወደ ፊት እስከሚመላለሰው ብረት፣ እስከ ቦልት ተሸካሚው፣ ያደርሰዋል። ተሸካሚው ተገፍቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀለሁን ያወጣል፣ ሞላውን ይጨምቃል፤ ሞላው መልሶ ሲገፋው ደግሞ አዲስ ጥይት ያጎርሳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ተርገብግቦ እስኪመለስ ባልሞላ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጋዙ መንገድ ላይ ትንሽ ከሾለከ ወይም ቀዳዳዋ በከፊል ከተሸፈነ ተሸካሚው በቂ ጉልበት አያገኝም።

ክላሽ ፈትቼ መግጠም አውቃለሁ። ይኼ በምን ይለያል?

አገር ቤት ክላሽ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አያስገርምም። በክላሽ ጋዙ የሚገፋው ፒስተን ነው፤ ፒስተኑም ከቦልት ተሸካሚው ጋር የተያያዘ ረጅም ዘንግ ነው። የክላሽ ጋዝ ብሎክ ፋብሪካ ውስጥ በኃይል ተጭኖ ገብቶ በፒን ስለሚታሰር ባለቤቱ አይነካውም። ሲጸዳም የሚፈታው ከላይ ያለው የጋዝ ቱቦ እንጂ ብሎኩ አይደለም። አብዛኛው ሰው ዕድሜ ልኩን ክላሽ ይዞ ጋዝ ብሎክ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ የሚኖረው ለዚህ ነው።

የጠመንጃ ነዳፊው ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በነደፈው በኤ አር ቤተሰብ ግን በፊት በኩል ፒስተን የለም። ጋዙ በቱቦ ተጉዞ ተሸካሚው ውስጥ ገብቶ እዚያው ይሰፋል። በዚያ ላይ በዛሬው ገበያ በርሜሉ ለብቻ፣ ብሎኩ ለብቻ፣ ቱቦው ለብቻ ይሸጣል። በፋብሪካ ይያዝ የነበረው ኃላፊነት ወደ ገጣሚው የዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛውን መጠን ልግዛ?

መጠኑን የሚወስነው በርሜሉ ነው። ብሎኩ የሚቀመጥበት የበርሜል ክፍል ውፍረት በብዛት 0.750 ኢንች ነው፤ 19 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀጭን በርሜሎች 0.625፣ በጣም ወፍራሞቹ 0.936 ኢንች ይሆናሉ። በግምት አትግዙ። የበርሜሉ ሻጭ መጠኑን ይጽፋል፤ ካልጻፈ ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ለኩ። በአንድ መቶኛ ኢንች የሰፋ ብሎክ ብሎኑን የቱንም ያህል ብታጠብቁት ጋዝ ከማሾለክ አይመለስም።

ቱቦውም ቀዳዳዋ ከበርሜሉ መነሻ በምትርቅበት ልክ ይመረጣል። በገበያው በብዛት የሚገኙት፣ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ፣ ፒስቶል፣ ካርቢን፣ ሚድ እና ራይፍል ሌንግዝ የሚባሉ አራት ልኮች ናቸው። ካርቢን ቱቦ ሚድ በርሜል ላይ አይደርስም፣ ሚድ ቱቦም ካርቢን በርሜል ላይ ይተርፋል። ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ የሚሳሳተው የእጅ መያዣውን ርዝመት አይቶ ቱቦ ስለሚገዛ ነው። መታየት ያለበት የበርሜሉ ቀዳዳ ነው።

የእጅ መያዣውን ግን ጨርሶ አትርሱት። ረጅምና ጠባብ የእጅ መያዣ ከሆነ ብሎኩ ሥሩ የሚገባ ዝቅ ያለው ዓይነት መሆን አለበት። ብሎኩ የእጅ መያዣውን ውስጥ ግድግዳ ከነካ፣ መያዣው በተገፋ ቁጥር በርሜሉም ይገፋል፤ ኢላማችሁም ይሸሻል።

በብሎን የሚያዝ፣ በርሜሉን የሚጨምቅ ወይስ በፒን የሚታሰር?

ከሁሉም ረዘም ያለ መልስ የሚፈልገው ጥያቄ ይህ ነው።

በጣም የተለመደውና ርካሹ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ያሉት ነው። ብሎኖቹ በርሜሉን ከታች ይገፋሉ፤ ብሎኩም ከላይ ቀዳዳዋ ላይ ተጭኖ ይይዛል። በደንብ ከተሠራ አያሳፍርም። ድክመቱ ብሎኖቹ ለስላሳ በርሜል ላይ ብቻ ካረፉ የሚይዛቸው ነገር አለመኖሩ ነው። በርሜሉ ሲግል ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ በየተኩሱም ይንቀጠቀጣል። ብሎክ ደግሞ አንዳንዴ ይመታል፤ ጠመንጃው ከመኪና ሲወርድ፣ ከጠረጴዛ ሲንሸራተት፣ አጥር ላይ ሲደገፍ። አንድ ሁነኛ ምት ብሎኩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያዞረው ቀዳዳዋ በከፊል ትዘጋለች።

ለዚህ መፍትሔው በርሜሉ ላይ ብሎኑ ጫፉን የሚያሳርፍበት ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ ነቁጥ ማውጣት ነው። ዲምፕል ይሉታል። ብሎኑ እዚያ ውስጥ ከተቀመጠ መዞርም መንሸራተትም አይችልም። ብዙ በርሜል ሠሪዎች ዛሬ ነቁጡን ከፋብሪካ አውጥተው ይሸጣሉ፤ በርሜል ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ነቁጥ የሌለው በርሜል ካላችሁ ለጠመንጃ ባለሙያ ስጡት። በርሜል መብሳት በቤት የእጅ መሰርሰሪያ የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ ነቁጡ ከመጠን በላይ ከጠለቀ ከፍተኛ ግፊት የሚሸከመውን ብረት ታሳሱታላችሁ።

በርሜሉን የሚጨምቀው ዓይነት ከሥሩ የተሰነጠቀ ቀለበት ይመስላል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ስንጥቁ ይጠባና በርሜሉን ዙሪያውን እኩል ይጨምቀዋል። በርሜሉ ላይ ምንም ምልክት አይተውም፤ ነቁጥ የሌለው በርሜል ላለውም ጥሩ ምርጫ ነው። ወፈር ስለሚል ግን በጠባብ የእጅ መያዣ ሥር አንዳንዴ አይገባም።

ሦስተኛው በፒን የሚታሰር ነው። ብሎኩና በርሜሉ አንድ ላይ ተበስተው ፒን ያልፍባቸዋል። የኤ አር 15 ወታደራዊ ወንድም የሆኑት የድሮዎቹ ኤም 16 ጠመንጃዎች ጋዝ ብሎክ ከፊት ማነጣጠሪያው ጋር አንድ ሆኖ በሁለት ፒኖች የታሰረ ነበር፤ ፒኖቹ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየቀጠኑ ስለሚሄዱ በገቡ ቁጥር ይጠብቃሉ። ጠመንጃው ለከባድ አገልግሎት ከሆነ ከዚህ የሚሻል አያያዝ አላውቅም። ባለሙያ ያስከፍላል፤ ይሁን እንጂ ብሎኩ ሁለተኛ ጥያቄ አይሆንባችሁም። በርሜሉ ብሎኩ ፒን ተደርጎለት ሲሸጥ ካገኛችሁ ጨምራችሁ ግዙት ብዬ ነው የምመክረው።

ብሎኑን በሎክታይት ባጣብቀው አይበቃም?

አይበቃም። ሰማያዊው የተለመደ ሎክታይት እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው የሚችለው። ጋዝ ብሎክ ደግሞ በተከታታይ ሲተኮስ ከዚያ በላይ ይግላል፤ ያን ጊዜ ማጣበቂያው ይለሰልሳል። ሮክሴት የሚባለው ግን ሌላ ነው። እንደ ሸክላ የሚጠነክር ሲሆን ከ1000 ዲግሪ በላይ ይችላል። ለመፍታት ብትፈልጉ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ታላቅቁታላችሁ። ከመቀባቱ በፊት የብሎኑም የበርሜሉም ዘይት በአልኮል ተጠርጎ መድረቅ አለበት፤ ከተቀባም በኋላ አንድ ሌሊት ይደር።

ማጣበቂያ ረዳት ነው። ብሎኩን መያዝ ያለበት ነቁጡ፣ ጭመቃው ወይም ፒኑ ነው።

ስገጥመው ምን ምን ልብ ልበል?

መጀመሪያ ቱቦው። ከብሎኩ ጋር በምትገናኘው ጫፍ በኩል አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ እሷ ወደ ታች፣ ወደ በርሜሉ መመልከት አለባት። ቱቦና ብሎክ የሚያያዙት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ባለው ጥቅል ፒን ነው። ፒኑ ትንሽ ስለሆነ ይጎብጣል፣ ይጠፋል፤ ሁለት ግዙ።

ቀጥሎ የብሎኩ አቀማመጥ። ብዙዎች የሚያመልጣቸው አንድ ነገር እዚህ አለ። የኤ አር በርሜል ቀዳዳ የምትበሳው በበርሜሉ እርከንና በብሎኩ መካከል የድሮው የእጅ መያዣ ክዳን እንደሚገባ ታስቦ ነው። የዛሬው ዝቅ ያለ ብሎክ ያ ክዳን የለውም። ስለዚህ ብሎኩን እስከ እርከኑ ገፍታችሁ ካጠበቃችሁት ብዙ ጊዜ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያልፍና ቀዳዳዎቹ ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ። ይህን የሚያሟላ ስስ ቀለበት ይሸጣል፤ ብሎክ ሠሪውም ክፍተቱን በመመሪያው ላይ ይጽፈዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የቀዳዳዋን መሐል በመጻፊያ እርሳስ ከበርሜሉ ጎን እስከ ፊት ድረስ እሰምራለሁ፣ የብሎኩንም ቀዳዳ መሐል ከውጭ እሰምራለሁ፤ ሁለቱ መስመሮች ሲገናኙ ቀዳዳዎቹም ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የብሎኑን ጥብቀት በእጅ ስሜት አትመኑት። ለትንንሾቹ ብሎኖች የሚሰጠው ልክ ኢንች ፓውንድ በሚባለው የጥብቀት መለኪያ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ነው፤ የእናንተን ግን ከሠሪው መመሪያ አንብቡ። የብሎኑ ራስ ትንሽ ስለሆነ በመጥፎ ቁልፍ በቀላሉ ይበላል። ለአንድ ጠመንጃ 300 ዶላር በርሜል የገዛ ሰው በ2 ዶላር ቁልፍ ሥራውን ሲያበላሽ ማየት ያሳዝነኛል።

በመጨረሻም የቱቦው የኋላ ጫፍ ተሸካሚው ላይ ወዳለው ጉሮሮ በነፃነት መግባት አለበት። ተሸካሚውን ብቻውን አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ገፉት፤ መጨረሻው ላይ የሚፋተግ ወይም የሚይዝ ነገር ከተሰማችሁ ብሎኩ ተጣሟል።

መላላቱን እንዴት አውቃለሁ?

አንድ ጓደኛዬ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ጠመንጃውን በአንድ ምሽት ገጣጥሞ ቅዳሜ አመጣው። የመጀመሪያውን ካዝና ያለ ችግር ጨረሰ። በሁለተኛው ላይ ቀለሁ ርቆ መወርወሩን ተወና እግሩ ሥር ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ከዚያ ቦልቱ ባዶ ካዝና ላይ መቆም አቃተው። በሦስተኛው ካዝና ከየጥይቱ በኋላ በእጁ እየሳበ ማጉረስ ግድ ሆነበት። አስቁመነው፣ አራግፈን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን የእጅ መያዣውን ፈታነው። በርሜሉ ላይ፣ ከብሎኩ ጠርዝ ፊት ለፊት፣ ቅንድብ የመሰለ ጥቁር ጥላሸት ተስሏል። ብሎኩን በሁለት ጣት ስይዘው ዞረ። ብሎኖቹ ላይ የፋብሪካ ዘይታቸው እንዳለ ነበር፤ ነቁጥም አልነበረም።

ምልክቶቹ እንዲህ በቅደም ተከተል ይመጣሉ፦ የቀለሁ ጉልበት መድከም፣ ቦልቱ ባዶ ላይ አለመቆም፣ ከዚያ አለማጉረስ። ቀለሁ ወደ ቀኝ ወጥቶ ወደ ኋላ በደካማ ጉልበት ከወደቀ ጋዝ አንሷል። ወደ ፊት በኃይል ከተወረወረ ደግሞ ጋዙ በዝቷል፤ ያ ሌላ ችግር ነው። ቀላሉ ፈተና ካዝና ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ማስገባት ነው። ተኩሳችሁ ቦልቱ ወደ ኋላ ከቆመ ጋዙ በቂ ነው፤ አምስት ጊዜ ደግማችሁ አምስቱንም ከቆመ ልባችሁ ይረፍ።

በብሎኩ ዙሪያ ስስ ጥላሸት ማየት ብቻውን አያስደነግጥ። አዲስ ብሎክ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያሾልካል፤ ጥላሸቱም ክፍተቱን ይሞላዋል። የሚያሳስበው ከጥላሸቱ ጋር ጠመንጃው መድከሙ ነው። ለመከታተል እንዲመች ብሎኩና በርሜሉ ላይ አንድ ወጥ መስመር በነጭ ቀለም አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኩ ተንቀሳቅሷል።

ጋዝ ብሎኩ ቢላላ ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል?

በመላላቱ ብቻ አይፈነዳም፤ ጋዝ ሲያንስ ሥራ ያቆማል እንጂ። አደጋው ሌላ ነገርን ከዚህ ጋር ማምታታት ላይ ነው። ተኩሳችሁ ድምፁ እንደ ወትሮው ሳይሆን «ጡፍ» ብሎ ከቀረ፣ ምቱም ትከሻችሁ ላይ ካልተሰማ፣ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ቦልቱ አያጎርስም፤ «ብሎኩ ላልቶ ነው» ብሎ በእጁ አጉርሶ የተኮሰ ሰው በተዘጋ በርሜል ላይ ተኮሰ ማለት ነው። በርሜሉም ይፈነዳል፣ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ደካማ ድምፅ ስትሰሙ አቁሙ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞራችሁ ጠብቁ፣ አራግፉ፣ ቦልቱን አውጥታችሁ በርሜሉን ከኋላ በኩል ተመልከቱ። ብርሃን ካላለፈ ወደ ባለሙያ። ይህን ለልጆቼም ለጓደኞቼም ደጋግሜ እናገራለሁ፤ መድገሜም አይሰለቸኝም።

ጋዙ የሚስተካከለውን ዓይነት ብገዛስ?

የድምፅ ማፈኛ የምትጠቀሙ ከሆነ ይረዳል፤ ማፈኛው ጋዙን ወደ ኋላ ስለሚያበዛው መቀነሻ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጠመንጃ ግን አልመክርም። መስተካከያው በጥላሸት ይያዛል፤ ጀማሪ ደግሞ ችግሩ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል።

ራሴ መገጣጠሜ ሕጋዊ ነው? ዜግነት ባይኖረኝስ?

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጠመንጃ እንዳይዝ ያልተከለከለ ሰው ለግሉ የሚሆን ጠመንጃ መሥራት ይችላል፤ ለመሸጥ መሥራት ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በሕግ ዓይን ጠመንጃው የሚባለው ታችኛው ሪሲቨር፣ ማለትም ቃታው የሚገጠምበት አካል፣ ነው። መለያ ቁጥር ያለውን ፈቃድ ካለው ሱቅ፣ ገዢ የሚሞላውን የመንግሥት ቅጽ ፎርም 4473 ሞልታችሁ፣ ምርመራውን አልፋችሁ ግዙ። የበርሜሉ ርዝመት ከ16 ኢንች እንዳያንስ፤ ካነሰ በ1934 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ የሚገዛው ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባል። ክልሎች ደግሞ ይለያያሉ። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ የራሳቸው ጥብቅ ገደብ አላቸው፤ ቴክሳስ የሚፈቀደው እዚያ ያስከስሳል።

ዜግነት ለሌለው ወገን ይህ ከብሎኑም ከፒኑም ይበልጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ቪዛችሁ ምን እንደሚፈቅድ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳትጠይቁ የጓደኛ ጠመንጃ እንኳ አትንኩ።

አገር ቤት ላለ ዘመድ አንድ ሁለት ዕቃ በሻንጣ ብልክስ?

አትላኩ። የጠመንጃ ክፍሎችን ከአሜሪካ ማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ትንሽ ብረት ናት ማለት አያድንም። ኢትዮጵያም ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጉዳዩን ይገዛዋል። ቦሌ ላይ ሻንጣው ሲከፈት መልስ መስጠት ያለበት የላከው ሳይሆን የተሸከመው ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜም ያ ሰው እናት ወይም አክስት ናት።

ብሎኩን በየጊዜው ፈትቼ ላጽዳው?

አያስፈልግም። ጋዙ ራሱ መንገዱን ይጠርጋል፤ ብሎክና ቱቦ ሳይፈቱ ሺህ ጥይቶችን ይሠራሉ። በፈታችሁት ቁጥር አቀማመጡን እንደገና ማግኘት አለባችሁ። ከእያንዳንዱ የተኩስ ቀን በኋላ ነጩን መስመር ተመልከቱ፣ ብሎኩን በጣት ነቅነቅ አድርጉ፣ ይበቃል።

ጥላሸቱን ስትጠርጉ ግን ጓንት አድርጉ። ውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ እርሳስ ደግሞ ለልጆች መርዝ ነው። የምግብ ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ፣ ጨርቁን ከቤት ውጭ ጣሉ፣ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት የለበሳችሁትን ቀይሩ። ጠመንጃውም ካዝናው ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ።